የፒያሳው ሚዛንና የሰማዩ ፕላቲነም፦ የአንድ ኩባንያ ጉዳይ ጥናት

ጎንደር፣ ፒያሳ ጥግ ላይ ትንሽ የወርቅ ሥራ ቤት ያላቸው ጋሼ አሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ አይወዱም። ማታ አስተምሬ ስወጣ በዚያ በኩል ነው የማልፈው። አንድ ቀን ስልካቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ጠበቁኝ።

«መምህር፣ ና እስቲ። ይሄን አንብብልኝ፤ ዜሮው በዛብኝ።»

ቲክቶክ ላይ የሚዞር ቪዲዮ ነው። ጥቁር ሰማይ፣ መሀሉ ላይ አንድ ድንጋይ፣ ከበላዩ የዶላር ምልክት፣ ከዚያ 1፣ ከዚያ 19 ዜሮ። ሳይኪ ስለሚባለው አስትሮይድ ነው። «ይሄ ድንጋይ አንድ ቀን ከወረደ የዓለም ሕዝብ በሙሉ ቢሊየነር ይሆናል» ይላል ተናጋሪው።

ጋሼ ሳቁ። ሳቁ ግን ከከንፈር አላለፈም። «ይሄ ከወረደ ታዲያ እኔ ምን ልሸጥ ነው?»

ቆሜ የሚመለስ ጥያቄ አልነበረም። ቡና አስመጡ፤ ተቀመጥን። ያን ማታ የነገርኳቸውን ለተማሪዎቼ እንደ ጉዳይ ጥናት አዘጋጀሁት። ይኸው። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ዜሮዎቹ

አስትሮይድ ማለት ፀሐይን የሚዞር፣ ከፕላኔት ያነሰ ዐለት ነው። አብዛኞቹ በማርስና በጁፒተር መካከል ናቸው። ሳይኪም እዚያው ነው። ስፋቱ ወደ 220 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ከጎንደር ባሕር ዳር ከምንነዳው መንገድ ይበልጣል። ብዙ ብረትና ኒኬል እንዳለበት ይታመናል።

ያን ሁሉ ዜሮ ያሰሉት የሳይኪ ተልዕኮ መሪ ሳይንቲስት ሊንዲ ኤልኪንስ ታንተን ናቸው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የድንጋዩን ብረት በምድር የብረት ዋጋ ማባዛት። ያን ያህል ብረት ገበያ ላይ ቢወጣ ዋጋው ዜሮ ሊገባ እንደሚችልም እሳቸው ራሳቸው ያኔውኑ ተናግረዋል። ቪዲዮ ሠሪዎቹ ይቺን ቆርጠው ጣሏት። መንኮራኩሯ ደግሞ በኦክቶበር 2023 ተነስታ በ2029 ነው የምትደርሰው። የምትሄደው ልታጠናው እንጂ ልትቆፍረው አይደለም።

ለመቆፈር የተነሳ ግን ነበረ።

ጉዳዩ

ኤፕሪል 2012፣ ሲያትል። ፕላኔታሪ ሪሶርስስ የሚባል ኩባንያ ጋዜጠኞችን ጠርቶ አስትሮይድ ሊቆፍር እንደሆነ አስታወቀ። መሥራቾቹ ፒተር ዲያማንዲስና ኤሪክ አንደርሰን ናቸው። ገንዘብ ካስገቡት መካከል የጉግል ሰዎች ላሪ ፔጅና ኤሪክ ሽሚት አሉበት። የፊልም ዳይሬክተሩ ጄምስ ካሜሮን አማካሪ ነበር። ሥራው በዓለም ኢኮኖሚ ላይ ትሪሊዮን ዶላሮች ይጨምራል ተባለ። እንዲህ ያለ የሰው ስብስብ ሲያዩ ማመን ይቀላል። እኔም ያኔ አምኜ ነበር፤ አልዋሽም።

ዕቅዱ በደረጃ ነው። መጀመሪያ ትንንሽ ቴሌስኮፖችን አምጥቆ የሚጠቅመውን ድንጋይ መምረጥ። ቀጥሎ መንኮራኩር ልኮ በቅርብ መፈተሽ። በመጨረሻ መቆፈር። የሚወጣው ሁለት ነገር ነው፤ ውሃና ፕላቲነም የሚባለው ውድ ብረት። ውሃውን እዚያው ሰማይ ላይ መሸጥ፣ ፕላቲነሙን ወደ ምድር ማውረድ።

በ2013 በኢንተርኔት ከሕዝብ መዋጮ ጠየቁ። ከ17 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች 1.5 ሚሊዮን ዶላር አዋጡ። 25 ዶላር ለከፈለ ሰው፣ ፎቶው ሳተላይቱ ላይ በተገጠመ ስክሪን ይታይና ከኋላው ምድር እየታየች «ሰልፊ» ይነሳለታል። ቀልድ አይደለም። ቴሌስኮፑ ግን አልተሠራም፤ በ2016 ገንዘቡን እንደሚመልሱ አስታወቁ።

ኦክቶበር 28 ቀን 2014 የመጀመሪያዋን የሙከራ ሳተላይታቸውን የጫነው አንታረስ ሮኬት ቨርጂኒያ ላይ ከተነሳ ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ ፈነዳ። ሳተላይቷም አብራ ሄደች። ምትኳ በ2015 ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ተለቀቀች።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ፕሬዚዳንት ኦባማ አንድ ሕግ ፈረሙ። አንድ አሜሪካዊ ከአስትሮይድ ያወጣው ሀብት የራሱ ነው ይላል። የ1967ቱ የጠፈር ስምምነት ግን የትኛውም መንግሥት የሰማይ አካልን የእኔ ማለት እንዳይችል ይከለክላል። ሁለቱን ለማስታረቅ የሚሰጠው መልስ ጣና ዳር ላደገ ሰው አይከብድም፤ ያጠመድከው ዓሣ ያንተ ነው፣ ሐይቁ ግን ያንተ አይደለም። ሁሉም አገር በዚህ አይስማማም። ለኩባንያው ግን ሕጉ በቂ ነበር። የጎደለው ሌላ ነው።

በ2016 ሁለት ነገር ሆነ። በሜይ 21.1 ሚሊዮን ዶላር ሰበሰቡ። ለምን መሰላችሁ? ምድርን ከላይ ሆነው ፎቶ ለሚያነሱ ሳተላይቶች። ሰማይ ሊቆፍር የተነሳው ኩባንያ ካሜራውን ወደ እርሻና ወደ ነዳጅ ማውጫ አዞረ። ተማሪዎቼን እዚህ ጋ ነው የማስቆማቸው። ለምን አዞረ? ምድር ላይ ፎቶ የሚገዛ ሰው ስላለ ነው። የሰማይ ውሃ የገዛ ሰው ግን በዚያ ዓመት አንድም አልነበረም። ያም ሥራ አልዘለቀም። በኖቬምበር ደግሞ ትንሿ አገር ሉክሰምበርግ 25 ሚሊዮን ዩሮ ልትሰጥ ተስማማች። 12 ሚሊዮኑ በአክሲዮን፣ የቀረው በድጋፍ መልክ።

ጃንዋሪ 12 ቀን 2018 አርኪድ 6 የምትባለው ሳተላይታቸው ከህንድ ተነሳች። ሥራዋ ከሩቅ ውሃን የሚለይ መሣሪያ መሞከር ነበር፤ ሙከራውም ተሳካ። ገንዘቡ ግን አልቆ ነበር። ይመጣል የተባለው ኢንቨስተር ቀረ፤ ሠራተኛ ተቀነሰ። በኦክቶበር መጨረሻ ኮንሴንሲስ የሚባል የብሎክቼይን፣ ማለትም የዲጂታል ገንዘብ ቴክኖሎጂ፣ ኩባንያ ጠቅልሎ ገዛቸው። የሉክሰምበርግ መንግሥት የአክሲዮን ገንዘቡን አጣ። በ2020 የቀሩት ማሽኖችና ዕቃዎች ለጨረታ ወጡ።

«ፈንድቶባቸው ነው የከሰሩት በለኝ» አሉ ጋሼ።

አይደለም። የፈነዳው ተተክቷል። ከሁሉ የሚገርመውም ይሄ ነው፤ ኩባንያው የሞተው ሙከራው በተሳካበት ዓመት ነው።

ጥራጊው

ጋሼ የሥራ ቤታቸውን ወለል ጥራጊ አይጥሉም። ከጠረጴዛው ሥር ቆርቆሮ ባልዲ አለ። ከሞረድ የሚረግፈው፣ ከብሩሽ የሚወድቀው፣ ከአቧራው ጋር የተደባለቀው ሁሉ እዚያ ይገባል። ሲጠራቀም አጥቦና አቅልጦ ወርቁን የሚለይ ሰው ይመጣል። ባልዲውን በእግራቸው ጠጋ አድርገው አሳዩኝ። ግራጫ አቧራ፣ የፀጉር ጭረት፣ የክብሪት እንጨት። ወርቅ የሚመስል ነገር በዓይን አይታይም።

«እዚህ ውስጥ ወርቅ መኖሩን አውቃለሁ» አሉ። «ሰውዬው ሲመጣ ግን ስንት አለው ብዬ አልጠይቅም። ማጠቢያው ስንት ይፈጃል ነው የምለው። ማጠቢያው ከበለጠ አቧራ ነው።»

እኔ ሦስት ሳምንት የማስተምረውን እሳቸው በባልዲ ጨረሱት። አስትሮይዱን ባልዲው ውስጥ እንክተተው።

ኦሳይረስ ሬክስ የምትባል የናሳ መንኮራኩር በ2016 ወደ ቤኑ አስትሮይድ ሄደች። በ2020 አፈር ዘገነች፤ ሴፕቴምበር 24 ቀን 2023 ዩታ በረሃ ላይ ጣለችው። ተመዘነ፤ 121.6 ግራም። ጠቅላላ ወጪው ወደ 1.16 ቢሊዮን ዶላር ነው። ለአንድ ግራም 9.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መሆኑ ነው። ለሳይንስ ይገባዋል፤ አላጉረመርምም። ነገር ግን ያ አፈር በሙሉ ንጹሕ ፕላቲነም ነው እንበል። በ2023 ፕላቲነም በግራም 30 ዶላር አካባቢ ነበር። ሁሉም ተሸጦ 4 ሺህ ዶላር አይሞላም።

«ብዙ ቢያመጡስ?» አሉ ጋሼ።

እሺ፣ ብዙ እናምጣ። የደቡብ አፍሪካ ዐለት በአንድ ቶን ከ3 እስከ 6 ግራም የፕላቲነም ቤተሰብ ማዕድናት ይሰጣል። ጥሩ የብረት አስትሮይድ በአሥር እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። 50 ግራም ፕላቲነም እንበለው። አንድ ቶን ለማግኘት 20 ሺህ ቶን ብረት ማቅለጥና ማጣራት አለብህ፤ ያውም ነገር ሁሉ በሚንሳፈፍበት ቦታ። የዚያችን የአንዲት መንኮራኩር ወጪ ብቻ ለመመለስ 39 ቶን ያህል ፕላቲነም ያስፈልጋል። ያ ማለት ወደ 770 ሺህ ቶን ብረት ማጣራት ነው። የሰው ልጅ ሰማይ ላይ ከሠራው ሁሉ ትልቁ የዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ነው፤ ክብደቱ 420 ቶን ገደማ። ልዩነቱን እናንተው እዩት።

ደግሞ 39 ቶኑ ተሳካ እንበል። ዓለም በዓመት ከማዕድን የሚያወጣው ፕላቲነም 180 ቶን አካባቢ ነው፤ 70 በመቶው ከደቡብ አፍሪካ። ትልቁ ድርሻ የሚገባው መኪና ጭስ ማጣሪያ ውስጥ ነው። በዚህ ጠባብ ገበያ ላይ አንድ አምስተኛ በድንገት ብትጨምርበት ዋጋው በ30 ዶላር ይጠብቅሃል? የቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት ሻጭ ትመልሰዋለች። አምስት ኩንታል የመጣ ቀንና ሃምሳ ኩንታል የመጣ ቀን አንድ አይደለም።

ይሄ የደረሰበት ብረት አለ። በ1884 አሜሪካኖች የዋሽንግተን ሐውልት ጫፍ ላይ ያደረጉት አሉሚኒየም ነበር። ያኔ ዋጋው ከብር ማዕድን ጋር የሚወዳደር ነበር። በ1886 በኤሌክትሪክ ማውጣት ተገኘ፤ ዋጋው ወረደ፣ ወረደ። ዛሬ እናቴ ሹሮ የምትሠራበት ድስት ነው። የሰው ልጅ ተጠቀመ፤ የድሮውን ዋጋ አስቦ አሉሚኒየም ያከማቸው ግን አልቅሷል።

ጊዜውም አለ። አስትሮይድ ሊቆፍር የተነሳ ሰው ትርፉን በ20 ዓመት ቢያይ ዕድለኛ ነው። እንዲህ ያለ አደገኛ ሥራ ላይ ገንዘቡን የሚያስገባ ሰው በዓመት 20 በመቶ ቢፈልግ አይፈረድበትም። ዛሬ ለሰጠው 1 ዶላር ከ20 ዓመት በኋላ 38 ዶላር ይጠብቃል። ባሕር ዛፍ የተከለ የእኛ ገበሬ እንኳ አምስት ዓመት ሲሞላው መጥረቢያ ይስላል።

ውሃውና አሞሌው

ፕላቲነሙ እንዲህ ከሆነ ውሃውስ? ብዙ ሰው ይሄን ያልፈዋል። እኔ ግን የጉዳዩ ልብ እዚህ ነው ባይ ነኝ።

ውሃ ሲሰነጠቅ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ይሆናል፤ ያ የሮኬት ነዳጅ ነው። ይጠጣል፤ ይተነፈሳል። ዋናው ነገር፣ ወደ ምድር ማውረድ አያስፈልግም። ጎንደር ውስጥ ውሃ በፈረቃ ሲሆን ምን እንደምናደርግ አስቡ። ምንጩ ጋ ያለው ጀሪካንና አህያ ላይ ተጭኖ ደጃፋችሁ የደረሰው ጀሪካን ውሃው አንድ ነው፤ ዋጋው ግን አንድ አይደለም። የምትከፍሉት ለመንገዱ ነው። ሰማይ ላይም እንደዚያው። አንድ ሊትር ውሃ እዚያ የሚያወጣው ከምድር ለማድረስ የሚጠይቀውን ያህል ነው።

እና መንገዱ ስንት ነው? ሸትል በሚባሉት የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩሮች ዘመን፣ አንድ ኪሎ ወደ ምድር ምሕዋር ለማውጣት 54 ሺህ ዶላር ገደማ ይፈጅ ነበር። በዚያ ዋጋ ሲታሰብ የአስትሮይድ ውሃ ዕንቁ ነው። ኩባንያው ብቅ ባለበት በ2012 ኬክ ኢንስቲትዩት የሚባለው የአሜሪካ የጠፈር ጥናት ተቋም ያስጠናው ጥናት 500 ቶን የሚመዝን አስትሮይድ ጎትቶ ጨረቃ አጠገብ ለማድረስ 2.6 ቢሊዮን ዶላር ይበቃል አለ። ለኪሎ 5,200 ዶላር ማለት ነው። ያኔ አጓጊ ነበር።

ከዚያ ምን ሆነ? ስፔስ ኤክስ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዲሴምበር 2015 ላይ ፋልከን 9 የተባለውን ሮኬቱን መልሶ አሳረፈ። በ2017 ደግሞ አንዴ በርሮ የተመለሰ ሮኬት እንደገና ተጠቀመ። በፋልከን 9 አንድ ኪሎ ወደ ምሕዋር ለማውጣት 2,700 ዶላር ገደማ ሆነ። እርግጥ ጨረቃ አጠገብ ለማድረስ ከዚያ ይበልጣል፤ ሁለቱን ቁጥሮች እንደ እኩያ ማየት ልክ አይሆንም። ግን 500 ቶኑም ሁሉ ውሃ አይደለም፤ ገና ይወጣል፣ ይጣራል። ልዩነቱ ጠበበ። ርካሽ ሮኬት ለቆፋሪው ጥሩ ዜና ይመስላል፤ መሣሪያውን በርካሽ ያወጣለታል። ዳሩ ያው ሮኬት ለደንበኛው ደግሞ ከምድር ውሃ በርካሽ ይጭንለታል። ሮኬቱ ወጪህን ሲቀንስልህ ዋጋህንም አብሮ ይቀንስብሃል።

ይሄን ስነግራቸው ጋሼ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «አሞሌ ነዋ!» አሉ።

እውነታቸውን ነው። አሞሌ ጨው ከአፋር፣ ከአርሆ ተቆርጦ በግመል፣ ከዚያ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ በትግራይ በኩል ጎንደር ይገባ ነበር። ገንዘብም ነበር። አርሆ ላይ ድንጋይ ነው፤ ያለው ሁሉ እሱ ነው። መንገዱ በረዘመ ቁጥር በአንድ ማርትሬዛ ብር የሚገዛው አሞሌ ቁጥሩ እያነሰ ይሄዳል። ጎንደር ሲደርስ ውድ ነው፤ ከዚያ ወደ ምዕራብና ደቡብ ሲዘልቅ ደግሞ ይብሳል። ያን ዋጋ የሚሸከመው ገደሉ፣ ቀረጡ፣ ሽፍታውና የበቅሎዋ እግር ነው። ከዚያ ባቡር መጣ፣ መኪና መጣ፣ የከረጢት ጨው መጣ። አሞሌው አልተበላሸም፤ ጨውነቱም አልቀነሰም። ርቀቱ ረከሰ፤ አሞሌውም አብሮ ረከሰ።

ልዩነት አለው፤ አልካድም። አሞሌ ሲጫን ጎንደር ላይ ወጥ የሚያጣፍጥ ሰው ይጠብቀው ነበር። የፕላኔታሪ ሪሶርስስ ውሃ ማን ይጠብቀው ነበር? ከሰማይ ማደያ ነዳጅ የምትቀዳ መንኮራኩር አልነበረችም፤ ማደያውም አልነበረም። መንኮራኩር ሠሪው «ማደያ ሳይኖር ለምን የሚሞላ ታንክ እሠራለሁ» ይላል። ውሃ አውጪው «የሚሞላ ታንክ ሳይኖር ለማን አወጣለሁ» ይላል። ሁለቱ ሲተያዩ ደሞዝ የሚከፈልበት ቀን ይደርሳል። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ተረት እዚህ ጋ ትንሽ ይጎድለዋል። ላሟ መኖሯን ማንም አልካደም። ወተት ገዥ ነው የታጣው።

ሌሎችም ሞክረዋል። ዲፕ ስፔስ ኢንዱስትሪስ የተባለው ተፎካካሪያቸው በ2019 መጀመሪያ ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ። በ2022 የተቋቋመው አስትሮፎርጅ ደግሞ አሁንም ፕላቲነም እያለ ነው። በፌብሩዋሪ 2025 ኦዲን የምትባል መንኮራኩር ላከ። ግንኙነቷ ጠፋ፤ ድንጋዩ ጋ አልደረሰችም። እነዚህኞቹ ሳይታክቱ ሌላ እየሠሩ ነው። ድፍረታቸውን እወደዋለሁ። ገንዘብ ግን አላበድራቸውም።

ቡናው ሦስተኛው ደረሰ። ጋሼ ሚዛናቸውን ወደ ሳጥኑ እየመለሱ ሌላ ነገር ጠየቁኝ።

«ይሄ ፕላቲነም ግን ከወርቅ ይበልጣል?»

ድሮ ይበልጥ ነበር። ከ2015 ወዲህ ወርቅ ይበልጠዋል። በ2023 የወርቅን ግማሽ ያህል ነበር።

«ግማሽ!» አሉ። «ለግማሹ ነው እንዴ እዚያ ድረስ?»

አንድ ነገር ጨመርኩላቸው። ወርቅ በ1,064 ዲግሪ ይቀልጣል። ፕላቲነም 1,768 ይፈልጋል።

ማቅለጫቸውን አዩት። ጫፉ የጠቆረ፣ ቱቦው በሽቦ የታሰረ ነው። የሚነፋውን እሳት ልክ እሳቸው ያውቁታል። «ደጄ ላይ ቢያወርዱልኝም እኔ አላቀልጠውም» አሉና በሩን መቆለፍ ጀመሩ። ግማሽ መንገድ ላይ ተመልሰው ከፈቱት። ባልዲውን ረስተው ኖሯል፤ ወደ ውስጥ አስገቡት።